በጦር ይዞታ ሥር የሚገኙ የታሪክ ቦታዎች አጠባበቅ፤ ቆቦና የራያ ቆላ እንደ ምሳሌ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



የታሪክ ቦታ ጠላቱ ብዙ ነው። ዝናቡ፣ ምስጡ፣ በግንብ ስንጥቅ ውስጥ ሥሩን የሚሰድደው ዋርካ፣ ከእነዚህም ሁሉ ይልቅ ሲሚንቶ ይዞ የሚመጣው ችኩል ጠጋኝ እያንዳንዳቸው በዚህ ጉባኤ በየጊዜው ተነሥተው ተመክሮባቸዋል። አንድ ጉዳይ ግን ከመወያያ ርእሶቻችን ተርታ ሳይገባ ቆይቷል። ይኸውም የታሪክ ቦታው በጦር ሠራዊት እጅ በሚገኝበት ጊዜ ማን ይጠብቀዋል፣ በምንስ ሥርዓት ይጠበቃል የሚለው ነው።

ዝምታችን ያለ ምክንያት አይደለም። የጦር ሠፈር አጥር አለው፤ በአጥሩ በር ላይ ዘብ ይቆማል፤ የመለኪያ ሜትሩንና ካሜራውን አንግቶ የሚመጣ ባለሙያም ለምን ጉዳይ እንደ መጣ በተጠየቀ ጊዜ ዘቡን የሚያረካ አጭር መልስ አያገኝም። ወታደሩ ባለሙያውን ሰላይ እንዳይሆን ይጠረጥረዋል፤ ባለሙያው ደግሞ ወታደሩን ከማፍረስ በቀር ሌላ እንደማያውቅ ሰው ይቆጥረዋል። ሁለቱም ፊት ለፊት ሳይነጋገሩ ዓመታት ያልፋሉ። በዚህ መካከል ቦታው ይጎዳል፤ መጎዳቱም የሚታወቀው ጦሩ ለቅቆ ከሄደ በኋላ ነው።

ነገሩን በጥቅሉ ከማውራት በአንድ አገር ላይ አስቀምጦ መመልከት ይሻላል ብዬ ስላሰብሁ በሰሜን ወሎ የምትገኘውን ቆቦንና በዙሪያዋ የተዘረጋውን የራያ ቆላ መርጫለሁ። ቆቦ ከወልዲያ በስተሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,470 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ሜዳ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በስተምዕራቧ ደጋው እንደ ግድግዳ ቆሟል፤ በስተምሥራቋ የዞብል ተራሮች ሜዳውን ከአፋር በረሃ ይለዩታል። በሁለቱ መካከል የተኛው ሜዳ ወደ ሰሜን በዋጃ አድርጎ እስከ አላማጣና ከዚያም ወዲያ ይዘልቃል። ከአላማጣ ወደ ኮረም ለመውጣት ግን የግራት ካሕሱን ዳገት መያዝ ግድ ነው፤ እዚህ ላይ መንገዱ እየተጠማዘዘ 1,000 ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል። (ግራት ካሕሱ በትግርኛ «የካሕሱ እርሻ» ማለት ነው። ባለ እርሻው ማን እንደ ነበር ከሚያውቁት ሰዎች ይልቅ ዳገቱን ጠመንጃ ተሸክመው የወጡት ይበዛሉ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።) ከኮረም አለፍ ሲል የአሸንጌ ሐይቅ፣ ከዚያም ማይጨው ይገኛል።

ከሰሜን ወደ መሐል አገር፣ ከመሐል አገርም ወደ ሰሜን የሚዘምት ጦር በዚህ ጠርዝ ላይ ወይም ከጠርዙ ሥር ማለፉ የተለመደ ነው። በነሐሴ 1534 ዓ. ም. ክሪስቶቫው ዳ ጋማ የመራው የፖርቱጋል ጦር በኢማም አሕመድ ጦር ድል የተመታው፣ አዛዡም የተማረከው በአሸንጌ አቅራቢያ በወፍላ ነው። በ1860 ዓ. ም. የጄኔራል ናፒየር ጦር ወደ መቅደላ ሲገሠግሥ በዚሁ ሐይቅ አጠገብ አልፏል። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ. ም. የማይጨው ጦርነት ሲደረግ የንጉሠ ነገሥቱ መምሪያ ኮረም ነበር፤ ከጦርነቱ በኋላ ወደ ኋላ የሚመለሰው ሠራዊታችን በአሸንጌ ዙሪያ ከአውሮፕላን በሚወርድ ቦምብና የመርዝ ጋዝ አለቀ። የጣሊያን የመከላከያ ሚኒስቴር በዚያ ጦርነት የመርዝ ጋዝ መጣሉን በይፋ ያመነው ከ60 ዓመት በኋላ፣ እ. ኤ. አ. በ1996 መሆኑን እግረ መንገዴን ላስታውስ። ጣሊያኖች አሥመራን ከደሴና ከአዲስ አበባ የሚያገናኘውን የመኪና መንገድ በዚሁ መስመር ሠሩት፤ በ1933 ዓ. ም. ደግሞ ከደሴ የተነሣው የደቡብ አፍሪካ ብርጌድ በዚያው መንገድ ወደ አምባላጌ ወጥቶ እነርሱኑ ወጋበት። በ1981 እና በ1982 ዓ. ም. የኢሕአዴግ ጦር ከትግራይ ወደ ደቡብ ሲገፋ መስመሩ እንደገና ግንባር ሆነ። በሐምሌ 2013 ዓ. ም. ቆቦ በትግራይ ኃይሎች እጅ ገባች፤ ተኩስ ጋብ ካለ በኋላ ነሐሴ 18 ቀን 2014 ዓ. ም. ጦርነቱ ዳግመኛ የተጫረው በዚሁ በቆቦ አካባቢ ነበር። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ. ም. ከተፈረመ ወዲህ ደግሞ፣ ዓመት ሳይሞላ፣ በ2015 ዓ. ም. ክረምት በፌዴራሉ ሠራዊትና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል የተነሣው ውጊያ አካባቢውን መልሶ የጦር ቀጠና አደረገው።

ይህን ሁሉ የዘረዘርሁት የጦር ታሪክ ለመጻፍ አይደለም፤ ያን የሚያውቁ ሌሎች አሉ። ለሙያችን የሚበጀው ቁም ነገር ጦሩ ሁልጊዜ የሚመርጠው ቦታ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። የመድፍ ተመልካች ከፍ ያለ ኮረብታ ይፈልጋል፤ ወታደር ጥላ የሚሆነው ዛፍና የማይነጥፍ ምንጭ ይፈልጋል፤ የስንቅ ኀላፊ ጣሪያና ግድግዳ ያለው፣ መኪና የሚደርስበት ቤት ይፈልጋል። እነዚህን አሟልቶ የሚገኘው ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ደብር፣ የሼህ መቃብር ያለበት ጉብታ፣ የጥንት ሠፈር ፍርስራሽ ያለበት አምባ ነው። የደብሩ ተካዮችና የጦር አዛዦች በዘመናት ተለያይተው አንዱን ኮረብታ መርጠዋል። ስለዚህ በራያ ቆላ ቅርሱና ምሽጉ የሚገናኙበት ቦታ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚችል ነው። የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገርም ይኸው ነው፤ አስቀድሞ የሚታወቅ ነገር አስቀድሞ መመዝገብና ቦታውን ለሚይዘው አዛዥ አስቀድሞ መድረስ አለበት።

«በጦር ይዞታ ሥር» የሚለው ቃል በሁለት የተለያዩ ነገሮች ላይ ይነገራል። አንደኛው ቋሚው የጦር ሠፈር ነው። ይህ ካርታ ያለው፣ የታጠረ፣ በመዝገብ የተያዘ ነው። ሁለተኛው ጦር ለሳምንታት ወይም ለወራት የሰፈረበት ኮረብታ፣ ሜዳ ወይም ትምህርት ቤት ነው፤ ይህኛው የይዞታ ወረቀት የለውም፤ ማን መቼ ገብቶ መቼ እንደ ወጣ ከአካባቢው ሰው በቀር የሚናገር አይገኝም። ሁለቱን ሳይለዩ በአንድ ቋንቋ መናገር ወደ ስሕተት ይመራል፤ ምክንያቱም ቋሚው ሠፈር ብዙ ጊዜ ቅርስን ያቆያል፤ ጊዜያዊው ግን በአንድ ሌሊት ያጠፋዋል።

ስለ ቋሚው ጥቂት ልበል። ዳግማዊ ምኒልክ በሆለታ የነበራቸው ቤተ መንግሥት በ1927 ዓ. ም. ገደማ በስዊድን መኮንኖች አስተማሪነት የጦር ትምህርት ቤት ሆኗል። ከዚያ የወጡት ወጣት ዕጩ መኮንኖች በወረራው ዘመን በጥቁር አንበሳ ማኅበር ውስጥ የነበራቸው ድርሻ የታወቀ ነው። ስለዚህ ያ ግቢ የንጉሥም የወታደርም ታሪክ አለበት፤ የሁለተኛው ታሪክ ባለቤት የሆነው ጦርም በአንደኛው ላይ ጠባቂ ሆኖ ቆይቷል። የአዲስ አበባው ታላቁ ቤተ መንግሥት ሌላው ምሳሌያችን ነው። ደርግ መቀመጫው አደረገው፤ በ1967 ዓ. ም. መጀመሪያ የዘውዱን መንግሥት ባለሥልጣኖች በምድር ቤቱ ውስጥ አሰራቸው፤ ከዚያም ወዲህ ግቢው በጥብቅ እየተጠበቀ ለረጅም ዘመን ለሕዝብ ዝግ ሆኖ ኖረ። በ2012 ዓ. ም. አንድነት ፓርክ ተብሎ ሲከፈት የምኒልክ ቤቶች በቦታቸው ተገኙ። በዙሪያው ያለው ከተማ ስንት ጊዜ እንደ ፈረሰና እንደ ተሠራ ለምናውቀው ለእኛ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

በእንግሊዝ አገር የሳልዝበሪ ሜዳም ይህንኑ ያስረዳል። ይህ 38,000 ሄክታር ያህል ስፋት ያለው መሬት የእንግሊዝ ጦር ማሠልጠኛ ነው። ማረሻና ቤት ሠሪ ስላልደረሰበት፣ በሌላው የእንግሊዝ ክፍል የታረሱትና የጠፉት የጥንት መቃብሮችና የእርሻ ቅጥሮች በዚያ በብዛት ተርፈዋል። የታንክ አሽከርካሪ እንዳይሄድባቸው፣ ወታደርም በአጠገባቸው ምሽግ እንዳይቆፍር በምልክት ተለይተው ይጠበቃሉ። ጦሩ የራሱ የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች አሉት። እንግዲህ መሬቱን ታንክ እየሄደበት ቅርሱ የቆየው ቦታው በካርታ ላይ ስላለና ካርታው በወታደሩ እጅ ስላለ ነው።

የቋሚ ይዞታ ጉዳቱ ሌላ ነው፤ ከአጥር ውስጥ የሚደረገውን ጥገና የሚያይ ዓይን የለም። የጎንደሩን የፋሲል ግቢ ያስታውሷል። ጣሊያኖች በያዙት ዘመን ለመምሪያነት ሲገለገሉበት ጥገናም አድርገውለት ነበር፤ ጥገናው ግን በሲሚንቶና በብረት ስለ ነበር የኖራውን ግንብ ባሕርይ የለወጠ ሆነ። በኋላ፣ ግቢው እ. ኤ. አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት ከመመዝገቡ በፊት በተደረገው ሥራ፣ የኋለኞቹ ባለሙያዎች ወደ ኖራ መመለስ ግድ ሆነባቸው። ባለ ይዞታው በጎ አሳቢ ቢሆንም እንኳ ከሙያ ውጭ የሆነ እጅ ምን እንደሚያደርግ ከዚህ የተሻለ ምስክር አያስፈልግም።

አሁን ወደ ጊዜያዊው ይዞታ ልመለስ፤ የራያም ጭንቀት ይኸኛው ነው። በዓለም ላይ በሚገባ የተመዘገበው ምሳሌ የባቢሎን ነው። እ. ኤ. አ. ከ2003 እስከ 2004 መጨረሻ ድረስ የአሜሪካና የፖላንድ ጦር በጥንታዊቷ ባቢሎን ፍርስራሽ ላይ ሰፍሮ ነበር። የብሪቲሽ ሙዚየሙ ጆን ከርቲስ ቦታውን ተመልክቶ ባቀረበው ዘገባ፣ በኋላም ዩኔስኮ እ. ኤ. አ. በ2009 ባወጣው ዘገባ እንደ ተገለጸው፣ በታሪካዊው መሬት ላይ ምሽግ ተቆፍሯል፤ ለሄሊኮፕተር ማረፊያ መሬቱ ተደልድሎ ጠጠር ፈስሶበታል፤ የሸክላ ስብርባሪ ያለበት የጥንት አፈር በአሸዋ ከረጢት ፈንታ ተሞልቷል። ከሁሉ የሚከፋው ከሌላ ቦታ የመጣ አፈር እዚያ መገልበጡ ነው፤ ምክንያቱም ከእንግዲህ የሚቆፍር ተመራማሪ ከዚያ አፈር የሚያገኘው ገል የባቢሎን ይሁን የሌላ ስፍራ ለመለየት ይቸገራል። ይህን ያደረገው ሀብትም ሕግም ሙያም የማያንሰው ጦር መሆኑን ልብ በሉ። ቦታው ስሙ ያልታወቀ አልነበረም፤ መላው ዓለም የሚያውቀው ባቢሎን ነበር። እንግዲህ ስማቸውን የወረዳው ሰው ብቻ የሚያውቃቸው የራያ ጉብታዎች ምን ተስፋ አላቸው?

አንድ የሻለቃ አዛዥ ሌሊት በዞብል በኩል ወደ አንድ ኮረብታ ደረሰ እንበል። ጎሕ ሳይቀድ ሰዎቹን ከእይታ መሰወር አለበት። በኮረብታው ጫፍ ላይ የወደቀ ካብ ያያል፤ ካቡ የጥንት ቅጥር ይሁን የከብት በረት ለመለየት ጊዜውም ዕውቀቱም የለውም። ድንጋዩ ቅርብ ነው፤ ይነሣና ለምሽጉ መከታ ይሆናል። ጥቂት ወረድ ብሎ አፈሩ ለስላሳ ስለ ሆነ እዚያ ያስቆፍራል፤ አፈሩ የለሰለሰው ግን ሰው የተቀበረበት ስለ ሆነ ሊሆን ይችላል። በማግሥቱ መድፍ ይተከላል፤ ተቃራኒው ወገን አጸፋውን ይመልሳል፤ የደብሩ ጣሪያ ይበሳል። ይህ አዛዥ ክፉ ሰው መሆን አላስፈለገውም። ከየትኛው ወገን መሆኑም ለውጥ አያመጣም፤ ጉድጓዱ ያው ጉድጓድ ነው። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከዚያ ኮረብታ 300 ሜትር ርቆ ያለው ሌላ ጉብታ ለእርሱ እኩል እንደሚጠቅመው፣ ይህኛው ግን ሊነካ እንደማይገባው የሚነግረው አልነበረም።

በዚህ ኮረብታ ላይ ምን አለ ትሉኝ ይሆናል። በመካከለኛው ዘመን አንጎት ይባል የነበረው አገር ይህን ጠርዝ ይጨምር ነበር፤ ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ከ1512 እስከ 1518 ዓ. ም. በአገራችን በቆየ ጊዜ አንጎትን አልፎበት ስለ ገበያውና ስለ ኑሮው ጽፏል። ያ አገር ከነሠፈሮቹ በዛሬው ማሳና ቁጥቋጦ ሥር ነው፤ ገና አካፋ ያልነካው ብዙ ነው። ከዚህ ሌላ የአድባራት ዕቃ ቤቶች አሉ፤ መስጊዶችና የሼሆች መቃብሮች አሉ፤ የ1928 ዓ. ም. ሙታን አጥንት አለ፤ የጣሊያን መንገድ የድንጋይ ድጋፍ ግንቦችና ድልድዮች አሉ። መንገዱን እንደ ቅርስ መቁጠር የሚከብዳቸው ወዳጆች እንዳሉኝ አውቃለሁ። እኔ በበኩሌ የግራት ካሕሱን ጥምዝምዝ ከነድጋፍ ግንቡ ከአንድ ግንብ ቤተ መንግሥት አሳንሼ አላየውም፤ ወራሪ ያሠራው ቢሆንም።

ስለ ሕጉ ረጅም ንግግር አላደርግም፤ ከሞላ ጎደል ሕግ አልጎደለንም። ከ1958ቱ የጥንታዊ ቅርሶች አዋጅ አንሥቶ በ1992 ዓ. ም. እስከ ወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ድረስ ድንጋጌዎች ሲወጡ ኖረዋል። የኋለኛው አዋጅ በአንቀጽ 41 በማዕድን ፍለጋ፣ በግንባታ፣ በመንገድ ሥራ ወይም ይህን በመሰለ ተግባር ላይ ሳለ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው እንዲያሳውቅና ተቆጣጣሪ እስኪደርስ ቦታውን እንዲጠብቅ ያዝዛል። ምሽግ መቆፈር በስም አልተጠቀሰም፤ «ይህን የመሰለ ተግባር» በሚለው ውስጥ ይገባል ብዬ እከራከራለሁ፤ ነገር ግን ከመድፍ ድምፅ መካከል ተቆጣጣሪ እስኪመጣ የሚጠብቅ ወታደር ይኖራል ብዬ አላምንም። በ1996 ዓ. ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በጦርነት ጊዜ የታሪክ ሐውልቶችንና የአምልኮ ቦታዎችን ማጥቃትንና ማጥፋትን ብቻ ሳይሆን ለጦር ተግባር መገልገያ ማድረግንም ከጦር ወንጀል ይቆጥራል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 91 የታሪክ ቦታዎችን የመጠበቅ ግዴታ በመንግሥትና በዜጎች ሁሉ ላይ ጥሏል፤ «ዜጎች ሁሉ» ሲል የደንብ ልብስ የለበሰውን አልቀነሰም።

ከሕጎች ሁሉ ለጉዳያችን የሚቀርበው ኢትዮጵያ የገባችበት የ1954ቱ (እ. ኤ. አ.) የሄግ ስምምነት ነው። የስምምነቱ አንቀጽ 7 ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ በሰላም ጊዜ በጦር ኃይሎች መመሪያ ውስጥ ስለ ቅርስ አጠባበቅ ደንብ እንዲገባ፣ እንዲሁም በጦሩ ውስጥ ይህን የሚከታተል ክፍል ወይም ባለሙያ እንዲመደብ ወይም እንዲታቀድ። ትኩረት የሚሻው «በሰላም ጊዜ» የሚለው ቃል ነው። ጦርነት ከተጀመረ በኋላ የሚጻፍ ደብዳቤ ለማኅደር እንጂ ለቅርስ አይጠቅምም። በ2013 ዓ. ም. ላሊበላ በጦርነቱ መካከል ስትወድቅ፣ በኅዳር 2016 ዓ. ም. ደግሞ በከተማዋ አቅራቢያ ከባድ መሣሪያ ሲተኮስና የውቅሮቹ አብያተ ክርስቲያናት ነገር ሲያሰጋ፣ የጥሪ ድምፅ ከብዙ ወገን ተሰምቷል። ላሊበላ ዓለም የሚያውቃት ስለ ሆነች ጠሪ አላት፤ ለቆቦ ጉብታ የሚጮኽ ግን የለም።

ስለዚህ የምጠይቀው አንድ ገጽ ወረቀት ነው። በአንድ በኩል ወታደር በለመደው መጠን የተሣለ የአካባቢው ካርታ፤ በካርታው ላይ መቆፈር የሌለበት፣ ድንጋዩ መነሣት የሌለበት፣ ከባድ መኪና መቆም የሌለበት ቦታ የተመለከተበት። በሌላው በኩል ለእያንዳንዱ ቦታ ሁለት መሥመር በማይሞላ አማርኛ ምን እንደ ሆነ፣ ከነኩትም ምን እንደሚከተል። እዚህ ላይ አንድ ምክር ልጨምር፤ ወታደርን በወታደር ቋንቋ ማናገር ይገባል። «ይህ የአሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት ሠፈር ነው» ከሚለው ይልቅ «ይህ የአገሬው መቃብር ነው፤ ቢቆፈር ሕዝቡ ይቀየማል» የሚለው በቶሎ ይገባዋል። የተሻለ ምሽግ የሚሆነውን ጎረቤት ጉብታና ድንጋይ የሚነሣበትን ወንዝ ማመልከትም ያስፈልጋል፤ አትንካ ብቻ የሚል ወረቀት ኪስ ውስጥ ይቀራል። አሜሪካኖች ከባቢሎን በኋላ፣ እ. ኤ. አ. በ2007፣ በፎርት ድረም የጦር ሠፈር የምትሠራው የአርኪዮሎጂ ባለሙያ ላውሪ ረሽ ባስጀመረችው ሐሳብ ለወታደሮቻቸው የቅርስ ትምህርት የታተመበት የመጫወቻ ካርታ አድለው ነበር። ነገሩ መጀመሪያ ሲሰሙት ያስቃል። ወታደር በምሽግ ውስጥ ሰዓቱን በምን እንደሚያሳልፍ ላሰበበት ግን ከመቶ ገጽ መመሪያ ይሻላል።

በዚህ ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ፤ ራሴም በብርቱ አስቤበታለሁ። የቅርስን ቦታ ዘርዝሮ ለጦር መስጠት ለዘራፊ መንገድ ማሳየት አይሆንም ወይ? መልሱ ቀላል አይደለም። በ1860 ዓ. ም. በአሸንጌ በኩል ያለፈው የናፒየር ጦር የቅርስ ዐዋቂ አብሮት ነበር፤ ሪቻርድ ሆምስ ይባላል፤ ከብሪቲሽ ሙዚየም ተልኮ የመጣ ነው። የዚያ ሰው ዕውቀት የዋለው የመቅደላን ንብረት መርጦ ለመውሰድ ነው፤ የተዘረፈውን ለመጫን ዐሥራ አምስት ዝሆንና ሁለት መቶ ያህል በቅሎ እንዳስፈለገ ይነገራል። በእኛም ዘመን፣ ደሴ በ2014 ዓ. ም. በትግራይ ኃይሎች እጅ በነበረች ጊዜ፣ የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ በነበረው ቤት ውስጥ ያለው የወሎ ሙዚየም ተዘርፏል። ከዚህ የተነሣ ሁለት መዝገብ ይኑር እላለሁ። የማይንቀሳቀሰው፣ ማለት ኮረብታው፣ ቅጥሩ፣ መቃብሩ፣ ድልድዩ፣ ለጦሩ ይሰጥ፤ ሠርቆ የሚሄድበት የለምና። የሚንቀሳቀሰው፣ ማለት ብራናው፣ መስቀሉ፣ የመስጊዱ መጽሐፍ፣ በጦሩ ወረቀት ላይ ፈጽሞ አይጻፍ፤ ዝርዝሩ ከነፎቶግራፉ ከአካባቢው ርቆ ይቀመጥ። ከተዘረፈ በኋላ «የእኛ ነው» ብሎ ለመጠየቅ የሚያስችለው ይኸው ዝርዝር ነው። ያገራችን ሰው በክፉ ቀን ንብረቱን ለደብሩ አደራ ሲሰጥ የኖረ ስለ ሆነ፣ የዕቃ ቤቱ መዘረፍ የአንድ ደብር ጉዳት ብቻ አለመሆኑንም መርሳት አይገባም።

ጦሩ ከለቀቀ በኋላ ያለው ጊዜ ከሁሉ የተዘነጋው ነው። ገበሬው መሬቱን መልሶ ይፈልጋል፤ ምሽጉን ደፍኖ ያርሳል። ማን ሊከለክለው ይችላል? እንጀራው ነው። እኛ ልንደርስ የሚገባን ፈንጂ አምካኞች ቦታውን ካጸዱ በኋላ፣ ጉድጓዱ ሳይደፈን ባለው አጭር ጊዜ ውስጥ ነው። በተቆረጠው የምሽግ ግድግዳ ላይ አመድ፣ ገል፣ የግንብ መሠረት ይታይ እንደ ሆነ መመልከት፣ ፎቶግራፍ ማንሣት፣ ጥልቀቱን መለካት፤ ሥራው የግማሽ ቀን ነው። ወታደር ሳያውቅ የቆፈረልን ጉድጓድ እኛ በጀት ለምነን የማናገኘው ቁፋሮ ነው ብል እንደ ቀልድ አትውሰዱብኝ። የብረት ነጋዴውም ከእኛ ቀድሞ ይደርሳል፤ የተቃጠለ ታንክና የጥይት ቀለህ ሰብስቦ ይሄዳል። ሁሉም ይቆይ አልልም፤ ከሚሄደው ግን የትኛው የት እንደ ነበር መጻፍ ይገባል።

የቅርብ ጊዜውንም ሐዘን ከዚህ ሥራ ማውጣት አይቻልም። ጳጉሜን 4 ቀን 2013 ዓ. ም. በቆቦ ሰላማዊ ሰዎች ተገድለዋል፤ አምነስቲ ኢንተርናሽናል በየካቲት 2014 ዓ. ም. ባወጣው ዘገባ ግድያውን የፈጸሙት የትግራይ ተዋጊዎች መሆናቸውን ገልጿል። ሰዎቹ የወደቁበትና የተቀበሩበት ቦታ ለቤተሰቦቻቸው ዛሬም የታሪክ ቦታ ነው፤ እኛ ሃምሳ ዓመት እስኪሞላው መጠበቅ የለብንም። በዚህ ስፍራ ላይ የሚመጣ ጦር፣ የማንም ይሁን የማን፣ እንዳይሰፍርበት በካርታው ላይ ከደብሩና ከመስጊዱ እኩል ይመልከት።

የማኅበራችን ድርሻ ምንድን ነው? ከመካከላችን ካርታ የሚሠሩ አሉ፤ ግንብ የሚያነቡ አሉ፤ የአገሩን ታሪክ የሚያውቁ አሉ። የመከላከያ ሚኒስቴርም ሆነ የቅርስ ባለሥልጣን እስኪጠይቀን ሳንጠብቅ አንዱን ወረቀት ሠርተን ማሳየት እንችላለን። የአስተዳደር ወሰን ክርክር ባለበት አገር ሥራው ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ቆቦና አላማጣ በአንድ ወረቀት ላይ መታየታቸው የማንንም ጥያቄ የሚደግፍ ወይም የሚቃወም እንዳይመስል፣ ካርታው ላይ ወሰን አለመሣል ይሻላል። መንገዱ ይበቃል።

ሥራው ጸጥታው በሚፈቅድበት ጊዜ ከቆቦ ቢጀመር ይበጃል፤ ወደ ዞብል የሚያወጣውን ግራና ቀኝ አስቀድሞ፣ ከዚያ በዋጃ አድርጎ ወደ ግራት ካሕሱ። ሁለት ባለሙያ፣ ከየቀበሌው አንድ ሽማግሌ፣ ከደብሩ አንድ ካህን ወይም ከመስጊዱ አንድ ሼህ፣ ከጦሩም አንድ ካርታ የሚያነብ መኮንን ይበቃሉ። መኮንኑ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አብሮ እንዲሄድ አጥብቄ እጠይቃለሁ፤ ሌላው የሚያየውን ጉብታ እርሱ በምን ዓይን እንደሚያየው በዚያው በቦታው ሊነግረን ይችላልና። ወሩም ታኅሣሥ መጨረሻ ይሁን። ከዚያ በፊት የራያ ማሽላ ከሰው ቁመት በላይ ስለሚቆም ሜዳውን ይሸፍነዋል፤ ከታጨደ በኋላ ግን ጉብታው ሁሉ ከመንገዱ ላይ ሆኖ ይታያል።